ከሃያ ብር አንዱ ብቻ

ጥያቄ፦ «በጅማ ከተማ የምኖር መምህርት ነኝ። ባለቤቴ ጋራዥ ውስጥ ይሠራል። የ13 ዓመት ወንድና የ8 ዓመት ሴት ልጅ አሉን፤ ዘንድሮ ደግሞ የእህቴ ልጅ፣ የ10 ዓመቷ፣ ከአጋሮ መጥታ ክረምቱን ከእኛ ጋር ታሳልፋለች። አምና ልጆቹ ‹ሰው ሁሉ ይሄዳል፣ እኛ ብቻ የትም አንሄድም› እያሉ ስላስጨነቁን ለአምስት ቀን አዲስ አበባ ወሰድናቸው። 14,200 ብር ወጣ፤ ግማሹ ብድር ነበር። መስከረም ላይ ዩኒፎርም የገዛሁት በዱቤ ነው። ዘንድሮ ያለኝ ከእቁብ የደረሰኝ 6,000 ብር ነው። ኢንተርኔት ላይ የሚጻፈው ምክር ሁሉ ስለ ባሕር ዳርቻና ስለ መዋኛ ገንዳ ነው። እዚህ ዝናቡ ከቤት አያስወጣም፣ ጅማ ውስጥም ልጅ የሚወሰድበት ቦታ የለም። ገንዘቡን ይዤ አንድ ቦታ ልውሰዳቸው ወይስ የክረምት ትምህርት ላስመዝግባቸው? ቀኑን ሙሉ ስልክና ቴሌቪዥን ላይ ናቸው።»

ምላሽ፦ ከጥያቄዎ ጋር የአምናውን ወጪ ዘርዝረው መላክዎ ሥራዬን አቅልሎታል፤ ከእርሱ እጀምራለሁ። ለአራት ሰው የአውቶቡስ ደርሶ መልስ 5,600 ብር፣ በመንገድና በከተማ ለምግብና ለመጠጥ 3,900፣ ለዘመድ የተወሰደ ማርና ቡና 1,700፣ የከተማ ታክሲ 1,400፣ መርካቶ ላይ የተገዛ ልብስና መጫወቻ 900፣ የመዝናኛ ቦታ መግቢያ 700። ድምሩ ያሉት 14,200 ነው። አሁን አንድ ነገር ይመልከቱልኝ። ልጆቹ «ተዝናናን» የሚሉት የመጨረሻውን መስመር ነው፤ ከወጪው ከሃያ ብር አንዱ ብቻ። የቀሩት አሥራ ዘጠኙ የሄዱት ወደዚያች አንድ ብር ለመድረስ ነው። ስለዚህ የእርስዎ ችግር መዝናኛ መወደዱ አይደለም። የተወደደው መንገዱ፣ ውጪ መብላቱና ባዶ እጅ አይኬድም የሚለው ይሉኝታ ነው። ገንዘብ መቆጠብ የሚቻለውም ከእነዚህ ሦስቱ ላይ ነው፤ ከልጆቹ ደስታ ላይ አይደለም።

ሁለተኛው መታረም ያለበት ነገር ያነበቡት ምክር ነው። ፈረንጆቹ ትምህርት የሚዘጉበት ወቅት የፀሐይ ወቅት ነው፤ ስለ አሸዋና ስለ ገንዳ ቢጽፉ አይፈረድባቸውም። የእኛ ትምህርት ቤት የሚዘጋው ግን ደመናው ሲከብድ ነው። በአገራችን አቆጣጠር ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው፤ ጅማ ላይ ደግሞ ዝናቡ ቀደም ብሎ ይጀምርና ዘግይቶ ይወጣል። ከተማችን በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች። ፀሐይ ለሚሞቅ ሕዝብ የተጻፈውን ዕቅድ ወደ ጅማ ስናመጣው «እዚህ ምንም የለም» የሚል ስሜት ቢፈጥር አያስገርምም።

«ዝናቡ አያስወጣም» ያሉት ግን ግማሽ እውነት ነው። አንድ ሳምንት ብቻ ማታ ማታ በልጅዎ ደብተር ላይ ዝናቡ የጀመረበትንና ያቆመበትን ሰዓት ያስመዝግቡ። አብዛኛውን ቀን ሰማዩ የሚከፈተው ከቀትር በኋላ ወይም ሌሊት ሆኖ ያገኙታል። ጠዋት ከሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ያለው ጊዜ፣ ጭቃው እንዳለ ሆኖ፣ ብዙውን ጊዜ የሚራመዱበት ነው። ችግሩ በእረፍት ቀን ቤተሰብ ሁሉ አርፍዶ ይነሣል፣ ቁርስ እስኪበላ አምስት ሰዓት ይሆናል፣ ምሳ ተበልቶ «እንውጣ» ሲባል ዝናቡ ደጃፍ ላይ ይጠብቃል። ከዚያ ወዲያ ያለው ወጪ የዝናብ ወጪ ነው፤ መጠለያ ፍለጋ ካፌ መግባት፣ ለስላሳ ማዘዝ፣ ለመመለሻ ኮንትራት ባጃጅ መያዝ። ክረምትን በርካሽ ለማሳለፍ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ጠዋት መነሣት ነው። ከዚህ ምክር ውስጥ ልጆቹ አጥብቀው የሚጠሉትም ይህንኑ ነው።

አሁን ወደ 6,000 ብሩ። የመጀመሪያው 2,000 ብር ዛሬውኑ ይውጣና ለመስከረም ይቀመጥ። ደብተር፣ ዩኒፎርም፣ ምዝገባና የዘመን መለወጫ ወጪ በአንድ ወር ላይ ተደራርበው እንደሚመጡ መምህርት ስለሆኑ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል፤ አምና ዱቤ ውስጥ የከተተዎትም አዲስ አበባ ሳይሆን ከአዲስ አበባ በኋላ የመጣው መስከረም ነው። 2,000 ብር የመስከረምን ሸክም ሙሉ በሙሉ አያነሳም፤ ዱቤውን ግን ያሳንሳል። ሁለተኛው 3,200 ብር ለሐምሌና ለነሐሴ ስምንት ሳምንታት ይከፈል፤ ለሳምንት 400 ብር። ቀሪው 800 ብር ለአንድ ትልቅ ቀን ይቀመጥ፤ ስለ እርሱ ወደ ኋላ እመለሳለሁ። ጳጉሜን ውስጥ ምንም አልመደብኩም፤ ያን ጊዜ ቤቱ ሁሉ የበዓል ዝግጅት ላይ ስለሆነ ልጅ አይሰለችም።

400 ብሩን እርስዎ አይያዙት። ለ13 ዓመቱ ልጅዎ አንድ ቦርሳና አንድ ደብተር ይስጡት፤ ቅዳሜ ማታ ገንዘቡን ይቀበል፣ የወጣውን ይጻፍ፣ የተረፈው ወደሚቀጥለው ሳምንት ይዙር። ይህን የምለው ልጅ ቁጠባ ይማር የሚል ስብከት ለመስበክ አይደለም። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ከታናናሾቹ ጋር «ሽርሽር» ተብሎ ሲነዳ ያኮርፋል፤ ያኮረፈ ልጅ ደግሞ የቀኑን ጨዋታ ሁሉ ያበላሻል። ኃላፊ ሲሆን ግን ሌላ ሰው ነው። ከማማክራቸው ቤተሰቦች በአንዱ የ12 ዓመት ልጅ እንዲህ ቦርሳ ተሰጥቶት ነበር። ታናሽ እህቱ ሱቅ በር ላይ ቆማ ብስኩት ጠየቀች። ልጁ ቦርሳውን ከፈተ፣ ቆጠረ፣ ዘጋ፤ ትንሽ ራመድ አለና እንደገና ከፍቶ ቆጠረ። ከዚያ «በዚህ የሁላችንም በቆሎ ይገዛል» ብሎ እጇን ይዞ ሄደ። እናትየዋ ይህንኑ ቃል በዚያ ክረምት አሥር ጊዜ ብትናገር ኖሮ ልቅሶ ይሆን ነበር።

«ጅማ ውስጥ ልጅ የሚወሰድበት ቦታ የለም» በሚለው አልስማማም። ቲኬት የሚቆረጥበትና መጫወቻ የተደረደረበት ቦታ ማለትዎ ከሆነ፣ አዎ፣ ጥቂት ነው። ነገር ግን አንድ ጠዋት ከልጅ ጋር የሚያልፍበትን ቦታ ማለትዎ ከሆነ ከብዙ ከተሞች የተሻልን ነን፤ ለምደነው ስለምናልፍ አይታየንም እንጂ።

ከገበያው እንጀምር። ሂርማታ ከተማው ዛሬ ያለውን መልክ ከመያዙ በፊት ገበያ ነበረ፤ በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን ከሩቅ አገር ሳይቀር ነጋዴ የሚሰበሰብበት ነበር። ሐሙስ እስከ ዛሬ ትልቁ የገበያ ቀን ነው። ክረምት ላይ እረፍት ስለሆኑ ሐሙስ ጠዋት ሦስቱንም ይዘው ይውጡ፤ ለእያንዳንዳቸው 40 ብርና አንድ አንድ ተልእኮ ይስጧቸው። አንዷ ለወጥ ሽንኩርት፣ አንዷ አቮካዶ፣ አንዱ ደግሞ ዋጋውን ብቻ አጥንቶ የሚመለስበት ነገር፣ ለምሳሌ ማር። ሕጉ አንድ ነው፤ ሦስት ሻጭ ሳይጠይቁ መግዛት አይቻልም። የስምንት ዓመቷ ልጅዎ ከአንዲት የአቮካዶ ሻጭ ፊት ቁጢጥ ብላ በኦሮምኛና በአማርኛ ስትከራከር የሚያዩት ነገር ከማንኛውም ቲኬት ይበልጣል፤ የገዛችውም የእራት ወጪ ስለሆነ ከመዝናኛው አይቀነስም። ገበያው ሲጠብ ግን ትንሿን በእጅዎ ይያዙ፤ ከመግባታችሁ በፊትም ቢጠፋፉ የምትገናኙበትን አንድ ቦታ ተስማሙ።

የእንጨት ሠራተኞቹን አይለፏቸው። ጅማ በሦስት እግር በርጩማ የታወቀች ናት፤ የድሮው ዓይነት ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ ነው። ሠራተኛው ፈቅዶ ልጆቹ ዳር ቆመው ቢያዩ አንድ ሰዓት ሳይታወቅ ያልፋል። ሥራ ፈትቶ መገተር እንዳይመስል አንዲት ትንሽ ነገር መጠገኛ ይዘው ቢሄዱ ጥሩ ነው፤ በየቤቱ እግሩ የሚንገዳገድ በርጩማ አይጠፋም።

ከከተማው ወጣ ብሎ የሚገኘው የቦዬ ረግረግ ወፍ ለሚወድ ልጅ ሀብት ነው። አንድ ደብተር፣ አንድ እርሳስ፣ የወፉ ቀለምና የመንቆሩ ቅርጽ፤ ሌላ አያስፈልግም። ጉማሬ የማየት ዕድልም አለ፤ እዚህ ላይ ግን ቀልድ የለም። ጉማሬ ሲያዩት ሰነፍና ዝግተኛ ይመስላል፤ በየብስ ላይ ግን ከሰው ይፈጥናል፣ በእርሱና በውሃው መካከል የቆመን ሰው አይምርም። ከዳርቻው ራቅ ብሎ ከፍ ካለ ቦታ ማየት፣ አካባቢውን ከሚያውቅ ሰው ጋር መሄድ፣ ጉማሬው ለግጦሽ የሚወጣው ሲመሽ ስለሆነ ከሰዓት ሳይገፋ መመለስ። በዚህ ካልተስማሙ ቦዬን ይተዉት።

ስለ ውሃ ከተነሣ አንድ ነገር ጠንከር አድርጌ ልናገር፣ በየክረምቱ የሚደጋገም ስሕተት ነውና። «ገንዳ ውድ ስለሆነ ልጆቹ አወይቱ ወይም ኪቶ ወንዝ ይዋኙ» የሚሉ ወላጆች አሉ። አይሆንም። በክረምት ወንዝ የሚሞላው እርስዎ በቆሙበት በዘነበው ዝናብ ብቻ አይደለም፤ ላይኛው ተፋሰስ ላይ ዘንቦ እርስዎ ጋ ፀሐይ እያለ ደራሽ ይመጣል። ሌላው የማይታየው አደጋ ቢልሃርዚያ ነው። በውሃ ዳር ከሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች የሚወጣው ጥቃቅን እጭ ቆዳ ሰርስሮ የሚገባው በደቂቃዎች ውስጥ ነው፤ ውሃው የጠራ መምሰሉ ዋስትና አይሆንም። በከተማ መካከል የሚያልፍ ወንዝ ደግሞ የከተማውን ቆሻሻ ይዞ ነው የሚያልፈው። የእህትዎ ልጅ አጋሮ ሳለች ወንዝ የለመደች ከሆነችና የሆድ ቁርጠት ወይም ደም የቀላቀለ ዓይነ ምድር ካዩባት ጤና ጣቢያ ይውሰዷት፤ መድኃኒቱ የታወቀና ቀላል ነው።

አሁን 800 ብር ወደተቀመጠለት ትልቅ ቀን። ምክሬ ጅሬን ነው። የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከከተማው ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ፣ ከተማዋን ቁልቁል የሚያይ ኮረብታ ላይ ነው። ልጆችዎ በትምህርት ቤት ስሙን ሰምተውት ይሆናል፤ የእግር ኳስ ክለባቸውም በእርሱ ስም የተጠራ ነው፣ በ2010 ዓ.ም. በፕሪምየር ሊጉ የመጀመሪያ ዓመቱ ዋንጫ ያነሣው ጅማ አባ ጅፋር። ከክለቡ ጀምረው ወደ ሰውየው ቢወስዷቸው ታሪኩ የአሮጌ ቤት ታሪክ አይሆንባቸውም። ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. የገዛ፣ ለአፄ ምኒልክ ግብር እየከፈለ የውስጥ አስተዳደሩን ይዞ የቆየ ንጉሥ፤ ቁመቱ ከሁለት ሜትር በላይ እንደነበር የሚነገርለት። ልጆች ይህን ቁመት ሲሰሙ መጀመሪያ የሚያደርጉት ከበሩ ሥር ቆመው መለካት ነው። ይተዉአቸው ይለኩ፤ ቅርስ እንዳይነኩ ብቻ ይጠብቁ።

አካሄዱ ግን ወጪውን ይወስነዋል። እኔ ራሴ ከዓመታት በፊት ልጆቼን ከቀትር በኋላ በኮንትራት ባጃጅ ይዤ ወጣሁ። ባለባጃጁ «እጠብቃችኋለሁ» አለ፤ የመጠበቂያው ሒሳብ ግን በየደቂቃው በጭንቅላቴ ውስጥ ይቆጥር ነበር። ልጆቹን ከክፍል ክፍል አጣደፍኳቸው፣ ዝናቡም መጣ፣ የያዝነውን ዳቦ ባጃጅ ውስጥ ተጨናንቀን በላን። ትልቁ ልጄ እስከ ዛሬ ስለ ጅሬን የሚያስታውሰው «ቶሎ በሉ» ማለቴን ነው። እርስዎ እንዲህ ያድርጉ። ዕቅዱ ባለቤትዎ እረፍት በሚሆኑበት ቀን ይሁን። አንድ ባጃጅ አምስታችሁን ስለማይችል ሁለት ይያዙ፤ ሳይሳፈሩ ዋጋ ይቁረጡ፤ ለመሄጃ ብቻ። የባጃጅ ወጪ የሚከብደው ዳገቱ ላይ ነው፤ ሲወርዱ እግር አለ። ቁልቁለቱን በዝግታ እየተጨዋወቱ መውረድ ለ8 ዓመት ልጅም አይከብድም፤ ከተማው እየቀረበ ሲመጣ «የእኛ ቤት የቱ ጋ ነው?» የሚለው ጨዋታ መንገዱን ያሳጥረዋል። ከመሄድዎ በፊት ባለው ቀን ክፍት የሚሆንበትን ሰዓት ያጣሩ፤ ለምሳ የሚዘጋበት ሰዓት ላይ መድረስ በዚህ ጉዞ ላይ የሚደርስ የተለመደ ብስጭት ነው። የአገር ዜጋ መግቢያ ከውጭ ዜጋ ያነሰ ስለሆነ 800ው ይበቃል፤ ከበቃም በላይ ይተርፋል ብዬ እገምታለሁ።

ምሳው ከቤት ይምጣ። በዚህ ላይ ድርድር የለኝም፤ አምና 3,900 ብር የበላው ይህ ነውና። ማሞቅ የማያስፈልገው፣ ቦርሳ ውስጥ የማይደፋ ምግብ እኛ ጋ ሞልቷል። በሶ በጥቂት ማርና ውሃ ታሽቶ ሲድበለበል ቀኑን ይውላል፤ የተቀቀለ ድንች በሚጥሚጣ፣ ዳቦ፣ ቆሎ፣ አቮካዶ በቢላዋ እዚያው የሚከፈል። ለመጠጥ ቀሪቦ ይሥሩ። ገብሱን ጠቆር እስኪል መቁላት፣ አፍልቶ ማጣራት፣ ሲቀዘቅዝ ስኳርና ትንሽ እርሾ ጨምሮ አንድ ሌሊት ማሳደር ነው፤ መቁላቱ ላይ ልጆቹ ቢሳተፉ ግማሹ ጨዋታ ከዋዜማው ይጀምራል። ሁለት ነገር ብቻ ይጠንቀቁ። አንደኛ፣ በጠርሙስ ሲቀዱ አፉ ድረስ አይሙሉት፤ እርሾው ጋዝ ስለሚፈጥር ክዳኑ ቢፈናጠር ጉዳት ያደርሳል። ሁለተኛ፣ በማግስቱ ይለቅ፤ በቆየ ቁጥር እየጎመዘዘ ይሄዳል፣ አልኮሉም ይጨምራል።

ዝናብ የሚውልባቸው ቀናት አይቀሩም። ለእነዚያ ቀናት ውድ ዕቃ የሚገዛ ወላጅ አያለሁ፤ እኔ የምመክረው 48 ፍሬ ያልተቆላ ቡና ነው። በካርቶን የእንቁላል መያዣ ወይም በጣውላ ላይ በሁለት ረድፍ ስድስት ስድስት ጎድጓዳ አዘጋጅተው በእያንዳንዱ አራት አራት ፍሬ ሲያደርጉ ገበጣ ተዘጋጀ። አባትዎ ወይም አማትዎ አጨዋወቱን ያውቁት ይሆናል፤ በየአካባቢው ሕጉ ስለሚለያይ እርሳቸውን ማስጠየቅ ራሱ አንድ ከሰዓት ይወስዳል። የ13 ዓመቱ ልጅ መጀመሪያ ይንቀዋል፤ የ10 ዓመቷ አንዴ ስታሸንፈው ግን አይለቅም። ቀልቦሽ፣ ሱዚ፣ እንቆቅልሽ ወጪ የላቸውም። በነሐሴ እሸት በቆሎ ሲደርስ ከሰል ላይ መጥበስ አለ፤ ነሐሴ 13 ደግሞ ቡሄ ነው፣ የሰፈር ልጆች ሆያ ሆዬ ብለው ሲመጡ በር ከፍቶ መቀበል ለትንንሾቹ በቂ ትርዒት ነው።

ከሰሉን ግን ቤት ዘግተው አያንድዱ። ዝናብና ብርድ ሲሆን በረንዳ ላይ ያለው ምድጃ ወደ ውስጥ ይገባል፣ በሩ ይዘጋል፣ ልጆቹ ዙሪያውን ይቀመጣሉ። ከከሰል የሚወጣው መርዛማ አየር ሽታም ቀለምም የለውም፤ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሲጀምር ብዙ ሰው «በቆሎው አልተስማማኝም» ይላል። ቡና ሲፈላም በቆሎ ሲጠበስም በርና መስኮት ይከፈት፤ ከሰሉ እየከሰመ ቢሆንም ተኝተው አያሳድሩት።

ስለ ክረምት ትምህርት፦ ለሦስት ልጅ ከፍለው ካስመዘገቡ ከ6,000 ብሩ የሚተርፍ ብዙ አይኖርም፤ ስለዚህ በዚህ ገንዘብ አይመዝግቡ። ክፍያ የሌለው አማራጭ አለ። በክረምቱ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ለእረፍት ወደየቤታቸው የተመለሱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የማጠናከሪያ ትምህርት ይሰጣሉ፤ በቀበሌዎ ይጠይቁ። እንደየእምነታችሁም ሰንበት ትምህርት ቤቱ ወይም የቁርአን ትምህርቱ በክረምት ይጠነክራል። ይሁን እንጂ ከሳምንት ሦስት ግማሽ ቀን አይብለጥ። መምህርት ለሆነች እናት ይህን መናገር ድፍረት ቢሆንም፣ ልጅን ቢዚ ለማድረግ ሲባል ብቻ ወደ ክፍል መመለስ ለእርሱ እረፍት አይደለም።

ስልኩን በተመለከተ በቁጣ አይጀምሩ። መጀመሪያ ባለፈው ወር ቤቱ ለኢንተርኔት ጥቅል ያወጣውን ይደምሩ፤ ከሳምንቱ 400 ብር ጋር ጎን ለጎን ይጻፉት። ቁጥሩ ከጠበቁት በላይ ቢሆን ከዚያ የሚቀንሱት ለቦርሳው ይጨመር፤ ውሳኔውን ግን ቦርሳ ያዡ ልጅ ያድርገው። ጠዋት ከሁለት እስከ ስድስት ሰዓት ያለ ስልክ መውጣትና ስልኩን ከሰዓት በተወሰነ ሰዓት መመለስ የሚሠራ ስምምነት ነው። ሙሉ በሙሉ መከልከል ግን፣ በተለይ ጓደኞቹን በስልክ የሚያገኝ የ13 ዓመት ልጅ ላይ፣ ሁለት ቀን አይዘልቅም።

ይህ ዕቅድ የማይመልሰውም አለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ማጉረምረም አይቀርም፤ አዲስ አበባን ያየ ልጅ ለሐሙስ ገበያ ወዲያው አይደሰትም። ትልቁ ልጅዎ የእድሜ እኩዮቹን ይፈልጋል፤ በሳምንት አንድ ጠዋት ከእናንተ ተለይቶ ሜዳ ላይ ኳስ እንዲጫወት ይፍቀዱለት፣ መብረቅ ሲጀምር ከሜዳውም ከዛፍ ሥርም ወጥቶ ቤት እንዲገባ ብቻ ያስጠንቅቁት። የቆዳ ጫማም አይበቃም፤ ለጭቃው የላስቲክ ቦቲ ለሦስቱም ካልተገኘ የተበደሩት ወይም ያገለገለ ይሁን። በባዶ እግር ግን አይሂዱ፣ በጭቃ ውስጥ በእግር የሚገባ የአንጀት ትል አለና።

ስለዚህ ውሳኔዬ ይህ ነው፤ ዘንድሮ አዲስ አበባ አይሂዱ፣ ሌላ ሩቅ ቦታም አይሂዱ። 2,000ውን ዛሬ ከቤት አውጥተው ሊያወጡት በማይቀልዎት ቦታ ያስቀምጡ። ቦርሳውን ለልጅዎ ሐምሌ ከገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ማታ ይስጡት፣ ሐሙስ ለገበያ፣ ቅዳሜ ጠዋት ለእግር ጉዞ ይሁን። ጅሬንን ወደ ነሐሴ አጋማሽ ይግፉት እንጂ መጀመሪያ ላይ አይጨርሱት፤ ስድስት ሳምንት የሚጠበቅ ነገር ያለው ልጅ «የትም አንሄድም» አይልም፣ ቀኑን ይቆጥራል። ጎረቤት «ክረምቱን የት ሄዳችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ ምን እንመልሳለን የሚለው ሐሳብ ባለቤትዎን ካስጨነቃቸው፣ ያቺን የ700 ብር መስመር አሳዩአቸው።